ማረጥና የኬር ሥራ፦ «ሁሉም ያልፈዋል» ላሉን እህት መልስ

ሰሞኑን ሰው ሲቀባበለው የነበረውን ጽሑፍ እኔም አነበብኩት። ጸሐፊዋ በእንክብካቤ ሥራ ላይ ብዙ የቆዩ፣ አሁን ደግሞ ሠራተኛ የሚያስተዳድሩ እህታችን ናቸው። ያሉት ነገር ባጭሩ ይሄ ነው፦ ኬርጊቨሮች (አረጋውያንና ሕሙማንን የሚንከባከቡ ሠራተኞች) የማረጫ ዕድሜያቸው ሲደርስ አሠሪው ይደግፋቸው የሚባለው ነገር የዘመኑ ፋሽን ነው፣ ማረጥ በሽታ አይደለም፣ እናቶቻችንም እኔም ዝም ብለን አልፈነዋል፣ ሥራው የሰው ነፍስ ስለሆነ እንደ ቢሮ ሰዓት አይቀያየርም፣ ብዙ ካወራን ደግሞ ከ45 በላይ የሆነች ሴት የሚቀጥር ይጠፋል፣ አእምሮዋ የደከመባትና የምትረሳ ለበሽተኛ መድኃኒት አትስጥ፣ የባሰባት ሐኪም ጋ ትሂድ፣ ግን ለማረጥ የሚሰጠው ሆርሞን ካንሰር ነው፣ ለዚህ ሁሉ ደግሞ ገንዘብ የለም። እኔም እዚሁ ሥራ ውስጥ ነኝ፣ ብዙ ዓመት አልጋ ሳነጥፍና ሰው ሳጥብ ኖሬ አሁን ሺፍት ከሚያወጡት አንዷ ሆኛለሁ፣ ስለዚህ አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ ነጥብ በነጥብ ልመልስ።

«የተፈጥሮ ነገር ነው፣ በሽታ አይደለም፣ አሠሪን አይመለከትም» ላሉት። በሽታ አይደለም፣ እሺ። እርግዝናም እኮ በሽታ አይደለም፣ ግን የዘጠኝ ወር ነፍሰ ጡር ሰማንያ ኪሎ ሰው ብቻዋን ከአልጋ አንስታ ዊልቸር ላይ ታስቀምጥ የሚል ማኔጀር ቢመጣ እህታችንም ራሳቸው ይጮሁበታል። የተፈጥሮ ነገር መሆኑ ሥራው ላይ ምንም አያመጣም ማለት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው አብዛኛዋ ሴት የምታርጠው ከ45 እስከ 55 ባለው ዕድሜ ነው፣ አረጠች የሚባለውም የወር አበባዋ 12 ወር በተከታታይ ሲቀር ነው፣ ጣጣው ግን ከዛ በፊት ነው የሚጀምረው፣ አበባው መዛባት ከጀመረ በኋላ ዓመታት ይወስዳል። በአሜሪካ ስዋን የሚባል ሴቶችን ለብዙ ዓመት የተከታተለ ጥናት በ2015 እ.ኤ.አ. እንዳወጣው ወላፈኑ፣ ማለትም ድንገት ሽው ብሎ የሚመጣው ሙቀት፣ በተደጋጋሚ የሚመጣባቸው ሴቶች ላይ መካከለኛ ቆይታው 7.4 ዓመት ነው። ሰባት ዓመት! ይሄ እንግዲህ ከብዙ ኬርጊቨሮች ኮንትራት ይረዝማል።

ደግሞ ለምን እንደሚመጣ ማወቁ ይጠቅማል፣ ምክንያቱም የአሠሪው እጅ የት ጋ እንዳለበት የሚታየው እዛ ነው። አንጎላችን ውስጥ የሰውነትን ሙቀት የሚቆጣጠር ሃይፖታላመስ የሚባል ክፍል አለ። ኢስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ሲወርድ ይሄ ክፍል ትዕግሥቱ ያልቃል፣ ድሮ ከቁም ነገር የማይቆጥረውን ጥቂት የሙቀት ጭማሪ ትልቅ ነገር ያደርገውና የቆዳውን የደም ስር ከፍቶ ላብ ያወርዳል። ስለዚህ የክፍሉ ሙቀት፣ ላይዋ ላይ የተደራረበው ልብስ፣ ጉልበት የሚጠይቀው ሥራ፣ እነዚህ ሁሉ ወላፈኑን ይጠሩታል ማለት ነው። የክፍሉን ሙቀት፣ ልብሱንና የሥራውን ድልድል የምትወስነው ሠራተኛዋ ናት እንዴ?

እስቲ ሻወር ቤት እንግባ። በሩ ዝግ ነው፣ አባባ እንዳይበርዳቸው ማሞቂያው በርቷል፣ ውሃው ሙቅ ነው፣ እንፋሎቱ መስታወቱን ሸፍኖታል። ኬርጊቨሯ ከዩኒፎርሟ በላይ የፕላስቲክ ሽርጥ አጥልቃለች፣ ማስክ አድርጋለች፣ ጓንት አድርጋለች። በዚህ መሀል ሙቀቱ ከደረቷ ይነሳና ወደ አንገቷ ወደ ፊቷ ይወጣል፣ ልቧ ይደልቃል፣ ላቡ ከግንባሯ ወርዶ ዓይኗ ውስጥ ይገባል፣ እንዳትጠርገው ጓንቱ ምን እንደነካ እሷ ታውቃለች፣ ወጣ ብላ እንዳትተነፍስ አባባ እርጥብ ወለል ላይ ክንዷን ይዘው ነው የቆሙት። ከዚህ ስትወጣ የሚጠብቃት ሌላ ሻወር ነው፣ ከዛም ሌላ፣ ለምን ቢባል ድልድሉን ያወጣው ሰው የጠዋቱን ሻወር በሙሉ አንድ ስም ላይ ስለጻፈው። ሻወሮቹን ለሁለት ሰው ከፋፍሎ በየመሀሉ ቀለል ያለ ሥራ ማስገባት ገንዘብ አይጠይቅም፣ እርሳስና ላጲስ ነው የሚጠይቀው። ማሞቂያውን አጥፉልን አላልንም፣ ሽማግሌ ሰው ይበርደዋል፣ ያንን ከኛ በላይ የሚያውቅ የለም።

«እናቶቻችን አልፈውታል፣ እኔም አልፌዋለሁ» ላሉት አጭር ነው መልሴ። እንኳን አለፈልዎት። ወላፈን የሚመጣባቸው ከአራት ሴት ወደ ሦስት የሚጠጉ ናቸው፣ ግን አንዷ ላይ ቀለል ብሎ በዓመት በሁለት ዓመት ይጠፋል፣ አንዷን ሌሊት አምስት ጊዜ እየቀሰቀሰ አንሶላ ያስቀይራታል፣ ሌላዋ ኦቫሪዋ በኦፕሬሽን ወጥቶ ወይ በካንሰር ሕክምና ምክንያት ገና በሰላሳዎቹ ውስጥ እያለች ይመጣባታል፣ እሷ ደግሞ ቀስ እያለ ሳይሆን በአንድ ጊዜ ነው የሚወርድባት። የአንድ ሰው ዕድል ለሌላው መለኪያ አይሆንም። እናቶቻችንም ዝም አሉ እንጂ አልተቸገሩም የሚል ማስረጃ የለንም፣ የሚጠይቃቸው ሰው ስላልነበረ ነው።

«የኬር ሥራ አይቀያየርም፣ በሽተኛ አይጠብቅም» ለሚለው። እዚህ ጋ ግማሽ መንገድ አብሬያቸው እሄዳለሁ። ዳይፐሯ የረጠበ እማማን ከቤት ሆኜ በላፕቶፕ ልቀይራት አይባልም፣ «ፍሌክሲብል ሥራ» እያሉ ለቢሮ ሰው የተጻፈውን ፖሊሲ ኮፒ አድርገው የሚለጥፉ ድርጅቶችም ያበሳጩኛል። ግን ከዚህ ተነስቶ ምንም ማድረግ አይቻልም ማለት ሌላ ነገር ነው፣ እኔ ሺፍት ስሠራ የማያቸው ቀላል ነገሮች ሞልተዋል።

ሌሊቱን እንውሰድ። ማታ በላብ ስትነቃ ያደረች ሴት ቀድሞውኑ እንቅልፍ የላትም፣ በዛ ላይ ሁለት ሌሊት አስገብተህ አንድ ቀን አሳርፈህ ጠዋት ግቢ ስትላት ሰውነቷ መቼ እንደሚተኛ ይጠፋዋል። ሌሊት ይቅር አይደለም እያልኩ ያለሁት፣ ሌሊት የምትመርጥም አለች፣ ሕንፃው ቀዝቀዝ ስለሚልና ጥድፊያው ስለሚቀንስ። ሺፍቱ አስቀድሞ ይታወቅ፣ ከሌሊት ወደ ቀን የሚዞረው በቂ ዕረፍት ተሰጥቶ ይሁን፣ ሁለት ሠራተኞች ተስማምተው መቀያየር ሲፈልጉ የሦስት ሰው ፊርማ አይጠየቅ፣ ይሄው ነው።

ሽንት ቤትን ደግሞ ማንም አያነሳውም፣ እኔ አነሳዋለሁ። ኢስትሮጅን ሲቀንስ የፊኛና የብልት አካባቢ ይሳሳል፣ ሽንት ቶሎ ቶሎ ይመጣል፣ ለመያዝ ይከብዳል፣ ኢንፌክሽን ይደጋገማል። ኬርጊቨር ደግሞ ምን ታደርጋለች፣ ወለሉን፣ ማለትም የምትጠብቃቸውን በሽተኞች፣ ጥላ መሄድ ስለማትችል ውሃ መጠጣት ታቆማለች! ውሃ ሳትጠጣ ስትውል ኢንፌክሽኑ ይብሳል፣ ራስ ምታቱም ይመጣል። ቤት ለቤት የምትሠራዋማ ጭራሽ የባሰባት ናት፣ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ስትሮጥ መሀል ላይ ሽንት ቤት የላትም፣ የሰው ቤት ሽንት ቤት ለመጠቀም ትሳቀቃለች፣ አንዳንዱ ድርጅት ጭራሽ ክልክል ነው ብሎ ጽፎ አይቻለሁ። ከማረጥ በፊት ባሉት ዓመታት ደግሞ አበባው ከመቅረቱ በፊት እንደ ጎርፍ የሚመጣበት ጊዜ አለ፣ በየሰዓቱ ፓድ የምትቀይር ሴት 12 ሰዓት ሺፍት ላይ ነጭ ሱሪ አልብሰህ ማቆም ምን ማለት እንደሆነ ያየው ያውቀዋል። ጠቆር ያለ ሱሪ፣ መቀየሪያ ዩኒፎርም አንድ ትርፍ፣ ከፖሊስተር ይልቅ አየር የሚያስገባ ጨርቅ፣ ለአሥር ደቂቃ የምትተካት ሰው ስሟ ተጽፎ። ደም የሚበዛባት ሴት የደም ማነስ ሊኖርባት ስለሚችልም ድካሙን ስንፍና ነው ከማለት በፊት ምርመራ የምትሄድበት ግማሽ ቀን መስጠት ይሻላል።

ማንሳቱም አለ። ካረጡ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ዓመታት አጥንት ቶሎ ይሳሳል፣ መገጣጠሚያ ያማል፣ ትከሻቸው ተቆልፎ እጃቸውን ከፍ ማድረግ የሚያቅታቸው አሉ። ሰው ማንሻው ማሽን ግን ኮሪደር ጥግ ላይ ባትሪው አልቆ ቆሟል፣ በሽተኛውን አቅፎ የሚይዘው የማሽኑ ጨርቅ ልብስ ማጠቢያ ሄዶ አልተመለሰም፣ ሁለት ሰው ያነሳል የተባለውን አንዷ ብቻዋን ታነሳዋለች። እዚህ ላይ እውነቱን ለመናገር ጉዳዩ የማረጥ ብቻ አይደለም፣ የ25 ዓመቷም ወገብ ይሰበራል። ማሽኑ ቻርጅ ይደረግ ማለት ለማን ነው ልዩ ድጋፍ የሚሆነው?

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ «ካወራን አይቀጥሩንም» ወደሚለው። ከጽሑፋቸው ሁሉ ልቤን የነካው ይሄ ነው፣ ስጋቱ እውነት ስለሆነ። ሱፐርቫይዘሯን አምናት በግል የነገረቻትን ነገር በማግስቱ ስብሰባ ላይ «እሷ አሁን የማረጫዋ ጊዜ ነው ታገሷት» ተብሎ ለሰው ሁሉ ሲነገርባት ቁጭ ብላ የሰማች ሴት አውቃለሁ፣ ከዛ በኋላ አፏን ዘጋች፣ ብትዘጋም አልፈርድባትም። ወጣት ወንድ ሱፐርቫይዘር ፊት ስለ ደምና ስለ ሽንት ማውራት ከባድ ነው፣ በኛ ባህል ደግሞ ለእህትም ይከብዳል።

ግን ዝምታውስ አተረፈን ወይ? ዝም ያለችው ሴት ራሴን አመመኝ ትላለች፣ ልጄ ታመመ ትላለች፣ ሰዓቷን ትቀንሳለች፣ መጨረሻ ላይ መልቀቂያ ታስገባለች፣ ፋይሏ ላይ የሚቀረው «የማትታመን፣ በተደጋጋሚ የምትቀር» የሚል ነው። በዛ ፋይል ማነው የሚቀጥራት? ስለዚህ መገለሉ አሁንም አለ፣ ሌላ ስም ተሰጥቶት ነው ያለው። ሌላው ደግሞ ቁጥሩ ነው። የዓለም የሥራ ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ በእንክብካቤ ዘርፍ የሚሠራው ሰው 381 ሚሊዮን ነው፣ ከዛ ውስጥ 249 ሚሊዮኑ ሴት። ዕድሜዋ የገፋ ሴት አልቀጥርም ያለ አሠሪ በዚህ ዘርፍ ማንን ሊቀጥር ነው? አይቀጥርም ብሎ ማስፈራራት ቀላል ነው፣ የእሁድ ሌሊቱን ሺፍት ማን ይግባ ሲባል ግን ስልክ የሚደወለው ለነዚሁ ሴቶች ነው።

ሕጉም ቀስ እያለ እየመጣ ነው። በብሪታንያ የእኩልነትና የሰብአዊ መብት ኮሚሽን በየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ምልክቶቹ ከባድና ረጅም ጊዜ የሚቆዩ ሆነው የዕለት ተዕለት ኑሮን ካወኩ በ2010ሩ (እ.ኤ.አ.) የእኩልነት ሕግ መሠረት እንደ አካል ጉዳት ሊታዩ ይችላሉ፣ ያኔ አሠሪው ተገቢ ማስተካከያ የማድረግ ግዴታ አለበት ብሏል። እዛው አገር የስታንዳርድ ተቋሙ በ2023 እ.ኤ.አ. ለሥራ ቦታ የሚሆን የወር አበባና የማረጥ መመሪያ አውጥቷል። ሕግ ብቻውን ኬርጊቨርን አያድናትም፣ ክስ ለመክሰስ ጊዜም ገንዘብም የላትም፣ ቢያንስ ግን «ይሄ አሠሪን አይመለከትም» የሚለው ክርክር በአንዳንድ ቦታ ጊዜው እያለፈበት እንደሆነ ያሳያል።

እኔ ግን ከእህታችንም፣ «ኑ በግልጽ እንናገር» ከሚሉትም የምለይበት ነገር አለ። ማንም ሴት ስለ ማህፀኗ እንድትናገር መገደድ የለባትም። «የማረጫ ጊዜሽ ላይ ነሽ ወይ» የሚል ፎርም የሚያስሞሉ ቦታዎች አሉ፣ እሱን ፎርም ቅደዱት። ማስተካከያው ምክንያት ሳይጠየቅ ለሁሉም ክፍት ይሁን፦ ማንም ሠራተኛ ጠቆር ያለውን ሱሪ መምረጥ ይችላል፣ ማንም ተተክቶ አሥር ደቂቃ መውጣት ይችላል፣ ማንም ሺፍት መቀያየር ይችላል፣ የዕረፍት ክፍሉ ለሁሉም ቀዝቀዝ ያለ ነው፣ ቀዝቃዛ ውሃ አለ። ስኳር ያለባት ትጠቀምበታለች፣ የምታጠባዋ ትጠቀምበታለች፣ ፕሮስቴቱ የሚያስቸግረው ወንድ ባልደረባችንም ይጠቀምበታል፣ ማን ለምን እንደወጣ ማንም አያውቅም። መንገር የምትፈልግ ደግሞ የምትነግረው አንድ ሰው ይኑር፣ ቢቻል አለቃዋ ያልሆነ፣ የሰማውን ይዞ የሚቀመጥ። እንዲህ ከሆነ እህታችን የፈሩት ስም ማውጣትም አይመጣም፣ ሴቶቹም አይሰቃዩም።

«የምትረሳ ሠራተኛ መድኃኒት አትስጥ» ያሉት አናዶኛል፣ ልደብቀው አልችልም። በዚህ ጊዜ ቃል የሚጠፋባት፣ ወደ ክፍሉ ለምን እንደገባች የሚጠፋት ሴት አለች፣ እውነት ነው። ግን ቅድም ያነሳሁት ስዋን ጥናት ሴቶቹን የማስታወስ ፈተና ሰጥቶም አይቷል፣ ወደ ማረጥ በሚሸጋገሩበት ጊዜ የታየው ለውጥ ትንሽ ነው፣ በኋላም ተመልሶ ይስተካከላል። የመርሳት በሽታ አይደለም። መድኃኒት የሚያሳስተውን ነገር ደግሞ እንነጋገር ካልን ሌላ ቦታ እንየው፦ የመድኃኒት ጋሪውን ይዛ ቆማለች፣ ክኒኑን ከማሸጊያው እያወጣች ነው፣ ከአንዱ ክፍል ደወል ይጮኻል፣ ኪሷ ውስጥ ስልኩ ይጠራል፣ ልጃቸው መጥቶ «እናቴ ምሳ በላች ወይ» ይላታል፣ እዚህ መሀል ማንም ይሳሳታል፣ የ22 ዓመት ልጅም ይሳሳታል። መድኃኒት የምታድል ሰው በዛ ሰዓት አትጠራም የሚል ደንብ፣ አደገኛ የሆኑትን መድኃኒቶች ሁለት ሰው አይቶ መስጠት፣ ወዲያው መፈረም፣ ይሄ ነው በሽተኛውን የሚጠብቀው። አለበለዚያ «አእምሮዬ ደክሞኛል» ያለችውን ከመድኃኒት ካነሳሃት ነገ ልትሳሳት ለጥቂት የዳነችው ሴት ለማንም አትናገርም፣ ያኔ ነው አደጋው።

«ሐኪም ጋ ትሂድ፣ ግን ያ ሆርሞን ካንሰር ነው» ላሉት ደግሞ፣ መጀመሪያ ሁለቱ አረፍተ ነገሮች አብረው አይሄዱም። ፍርሃቱ የመጣው በ2002 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የሴቶች ጤና ኢኒሼቲቭ የተባለው ጥናት ሲቋረጥ ነው። 16,608 ሴቶች ነበሩበት፣ አማካይ ዕድሜያቸው 63፣ ማለትም ብዙዎቹ ካረጡ ዓመታት ያለፋቸው። ኢስትሮጅንና ፕሮጀስቲን የሚባሉትን ሁለት ሆርሞኖች አንድ ላይ በወሰዱት ላይ የታየው የጡት ካንሰር ጭማሪ ከ10,000 ሴት በዓመት 8 ያህል ነበር፣ ዜናው ግን ሁሉም የሚሞት አስመስሎ ነው የደረሰን። ዛሬ የሙያ ማኅበራቱ የሚሉት ከ60 በታች ለሆነች ወይም ካረጠች 10 ዓመት ላልሞላት ጤነኛ ሴት ከባድ ምልክት ካላት ጥቅሙ ብዙ ጊዜ ከጉዳቱ ይበልጣል ነው፣ ለወላፈን ከሱ የተሻለ መድኃኒትም የለም። ጡት ካንሰር ያለባት ወይም የነበረባት፣ ደም የረጋባት፣ እንደዚህ ያለች ሴት ግን ሌላ መንገድ ነው የሚታይላት፣ ሆርሞን ያልሆኑ መድኃኒቶች አሉ፣ የባህሪ ሕክምና የሚሉት የንግግር ሕክምናም ወላፈኑን ለመቋቋምና እንቅልፉን ለማስተካከል በመርዳት ይታወቃል። ይሄን የሚወስነው እሷና ሐኪሟ ናቸው፣ ማኔጀሯ አይደለችም፣ እኔም አይደለሁም። የማኔጀሯ ድርሻ ሌላ ነው፦ ክሊኒኩ ክፍት የሚሆነው እሷ ሥራ ላይ ባለችበት ሰዓት ስለሆነ ሳይቆረጥባት ሄዳ እንድትመለስ ማድረግ። ሂጂ ብሎ መክሮ ስትሄድ ደሞዝ መቁረጥ ምክር አይባልም።

የመጨረሻው «ትንሽ ድርጅት ይሄን ሁሉ ከየት አምጥቶ» የሚል ነው። ከላይ የዘረዘርኩትን እንደገና ይዩት፣ ብር የሚጠይቀው ዩኒፎርሙ፣ ቀዝቃዛ ውሃውና የሐኪም ሰዓቱ ነው፣ ሌላው ድልድል ነው። አንዲት ነባር ኬርጊቨር ስትለቅ ግን ማስታወቂያ አለ፣ ቃለ መጠይቅ አለ፣ ሥልጠና አለ፣ እስከዛ ድረስ ከኤጀንሲ በውድ ዋጋ የሚመጣ ሰው አለ፣ የመርሳት በሽታ ያለባቸው እማማ ደግሞ አዲሷን አያውቋትም፣ አልታጠብም ብለው ይማታሉ፣ የድሮዋ ግን ከቀኝ በኩል እንደምትቀርባቸውና ፎጣውን መጀመሪያ ትከሻቸው ላይ እንደምታደርግ ታውቅ ነበር። ይሄ በሒሳብ መዝገብ ላይ የት ጋ ይጻፋል?

እህታችን መልስ እንደሚጽፉ ተስፋ አለኝ። ሲጽፉ አንድ ነገር ብቻ እንዲነግሩን እፈልጋለሁ፦ እርስዎ በሚያስተዳድሩት ቦታ ዛሬ ሌሊት ብቻዋን ወለሉን የያዘችው ሠራተኛ ሽንት ቤት መሄድ ስትፈልግ የሚተካት ማነው፣ ስሙስ የት ተጽፏል?